የኢንተርኔት ፍለጋ መሣሪያዎች፦ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክን ለሚፈልጉ

በመስከረም 2011 ዓ.ም. ስለተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ መረጃ የሚፈለግባቸው መሣሪያዎች የሚከተሉት ናቸው። ጎግል (1998 እ.ኤ.አ.) እና ቢንግ (2009 እ.ኤ.አ.) ድረ ገጾችን አስቀድመው ሰብስበው በማውጫ ይይዛሉ። ዳክዳክጎ አብዛኛውን ውጤት ከቢንግ ስለሚወስድ፣ የሁለቱ መስማማት እንደ ሁለት ምስክር አይቆጠርም።

ዋናው ፈተና አጻጻፍ ነው። ከተማዋ አዳማ፣ ናዝሬት ወይም ናዝሪት ትባላለች፤ በአፋን ኦሮሞ ደግሞ ስሟ በላቲን ፊደል ይጻፋል። አንዱን ብቻ የጻፈ ሰው በሌሎቹ የተዘገበው ሊያመልጠው ይችላል። «በአዳማ» እና «ከአዳማ» ውስጥ ያሉትን «በ» እና «ከ» ቅጥያዎች ከስሙ ለይቶ ማወቅም ለፍለጋ መሣሪያ ቀላል አይደለም። ስለዚህ በሦስቱም ስሞች፣ በሁለቱም ፊደላት መሞከር ይገባል።

የሥራ ማስታወቂያ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ብዙው የሚለጠፈው በቴሌግራም ቻናል ነው፤ ጎግል ከዚያ የሚያሳየው ጥቂቱን ነው። የቴሌግራም የራሱ ፍለጋ ቃሉን ያገኛል እንጂ የለጣፊውን ታማኝነት አይመዝንም። ሥራ ፈላጊ ወጣቶች እንዳይታለሉ፣ የመመዝገቢያ ገንዘብ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ሲያዩ ፓርኩን ከሚያስተዳድረው የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ወይም ከቀጣሪው ፋብሪካ ማጣራት አለባቸው። እንደ ቻትጂፒቲ (2022 እ.ኤ.አ.) ያሉት መልስ ሰጪዎች የሌለ ነገር እንዳለ አድርገው ሊጽፉ ስለሚችሉ፣ ለቀንና ለቁጥር ብቻቸውን አይበቁም።