ግርሻና የማይክሮስኮፕ ዓይን

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ትኩሳት የያዘው ሰው ከሐኪም ፊት ሲቀርብ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ብርድ ብርድ ማለቱ፣ ራስ ምታቱና ቁርጥማቱ የተስቦም የግርሻም ምልክት በመሆኑ፣ ሐኪሙ በመዳሰስና በማዳመጥ ብቻ አንዱን ከሌላው ለመለየት ይቸገራል። ከእነዚህ መካከል በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ በሌላው ዓለም እጅግ ብርቅ የሆነ በሽታ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ከቀሩት ጥቂት መኖሪያዎቹ አንዷ ናት።

የበሽታው ጠንቅ ቦሬሊያ ሬከረንቲስ የተባለ፣ እንደ ሞላ የተጠማዘዘ ባክቴሪያ ነው። አስተላላፊው የልብስ ቅማል ነው፤ ሰው ሰውነቱን ሲያክ ቅማሉ ይጨፈለቅና በውስጡ ያለው ባክቴሪያ በተቧጨረው ቆዳ በኩል ይገባል።

ባክቴሪያውን በመጀመሪያ ያየው ጀርመናዊው ሐኪም ኦቶ ኦበርማየር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 በበርሊን በሕሙማን ደም ውስጥ የሚርመሰመሱ ቀጫጭን ክሮችን ተመለከተ፤ ግኝቱን ያሳተመው ግን ወረርሽኙ ዳግመኛ ከተነሣ በኋላ በ1873 ነው። በዚያው ዓመት ገና በ30 ዓመቱ በኮሌራ ሞተ። መሐንዲስን የሚያስደንቀው ሌላ ግጥምጥሞሽም አለ፤ በዚሁ በ1873 ኤርንስት አቤ የማይክሮስኮፕ ኃይል በብርሃን ሞገድ ርዝመት የተወሰነ መሆኑን በጽሑፍ አስረዳ። ቦሬሊያ እስከ 30 ማይክሮሜትር ሊረዝም ይችላል፤ ውፍረቱ ግን ግማሽ ማይክሮሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የሚታየው አቤ ካሰመረው ወሰን አፋፍ ላይ ነው።

ምርመራው ከዚያ ወዲህ በመሠረቱ አልተለወጠም። ከጣት የተወሰደ ደም በብርጭቆ ላይ ተቀብቶ ይደርቃል፤ በጊምሳ ወይም በራይት ቀለም ተነክሮ በዘይት በሚሠራው ሌንስ ይታያል። ወሳኙ ነገር ሰዓቱ ነው። ባክቴሪያው በደም ውስጥ የሚበዛው ትኩሳቱ ሲያይል ሲሆን፣ ትኩሳቱ ሲበርድ ከዓይን ይሰወራል። በሽታው አልሞተም፤ የላይ ሽፋኑን ፕሮቲን ለውጦ የሰውነትን መከላከያ አታሎ ይመለሳል። በእፎይታው ቀን የተመረመረ ሰው «ደምህ ንጹሕ ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ ቢሄድ፣ ጥፋቱ የመርማሪው ላይሆን ይችላል።

በኢትዮጵያ የታከሙ 62 ሕሙማን ሁኔታ በ1970 ብራይሰንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት በዝርዝር ተገልጿል። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1983 ከተመሠረተ በኋላ ደግሞ በከተማዋ የተነሣው የግርሻ ወረርሽኝ ተጠንቶ በ1996 በምሥራቅ አፍሪካ የሕክምና መጽሔት ወጣ። በዚሁ ዓመት ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ተባባሪዎቹ በኢትዮጵያ ያደረጉት ጥናት ሌላውን አደጋ የሚመለከት ነበር፤ ይኸውም ፔኒሲሊን በተሰጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚከተለው ብርቱ መንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ነው። በሽታውን አስቀድሞ ያላወቀ ሐኪም ይህን ሁኔታ ዝግጁ ሆኖ አይጠብቀውም።

በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ወደ አውሮፓ በደረሱ ስደተኞች ላይ ግርሻ በታየ ጊዜ፣ አንዳንዶቹ የተገኙት ለወባ ምርመራ በተዘጋጀ የደም ቅብ ላይ ነበር። ነገሩ ለአገራችንም ይሠራል። በጤና ኬላዎች የገባው ፈጣን የወባ መመርመሪያ ጠቃሚነቱ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ቦሬሊያን አያይም። ማይክሮስኮፑ ግን ያልተጠየቀውንም ያሳያል።

ለዚህም ማይክሮስኮፑ ደኅና መሆን አለበት። በጅማ ዝናባማ አየር ሌንስ ላይ ሻጋታ ይበቅላል፤ ያልተጠረገ ዘይትም ደርቆ ምስሉን ያደበዝዛል። የባዮሜዲካል ምሕንድስና በሚሰጥበት በኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ለሚማር ወጣት ይህ ጥቃቅን የጥገና ሥራ ይመስለው ይሆናል፤ በደበዘዘ ሌንስ በቅድሚያ የሚጠፋው ግን ከሁሉ ቀጭን የሆነው ያ ጥምዝ ክር ነው።