የካምቢዮ ዘይት ታሪክና ብዙ የተጓዘ መኪና፦ ከባሌ ደጋ ሲታይ

ከሮቤ ተነሥቶ ጎባን አልፎ ወደ ደቡብ የሚጓዝ መኪና ብዙም ሳይቆይ ዳገት ይይዛል። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ መንገዱ የሳነቲን አምባ የሚያቋርጠው ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ በሐረና ደን ውስጥ ቁልቁል ወርዶ ዶሎ መና ሲደርስ ከፍታው ከ1,500 ሜትር በታች ይሆናል። በአንድ ቀን ይህን ያህል ወጥቶ ይህን ያህል የሚወርድ መኪና ከሌሎች ክፍሎቹ ይልቅ በካምቢዮው ይፈተናል።

በዚህ አካባቢም ሆነ በሌሎች የአገራችን ጋራዦች፣ ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ አውቶማቲክ መኪና የካምቢዮ ዘይቱ ባይነካ ይሻላል የሚል ምክር ዘወትር ይሰማል። አዲሱ ዘይት አሮጌውን ካምቢዮ ይገድለዋል ይባላል። ነገሩ ተራ ክርክር ይመስላል፤ ሥሩ ግን ከሙያችን ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ሥር ተከትሎ ምክሩ ምን ያህል እውነት እንዳለው ለመመርመር ይሞክራል።

አውቶሞቢል በአገራችን ከታየባቸው የመጀመሪያ ጊዜያት አንዱ 1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተሰኘውን መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው በዚያ ዓመት ነበር። የጋራዡ ቋንቋ ግን በአመዛኙ የመጣው ከሌላ ወገን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የፋሺስት ወረራ ዘመን የጭነት መኪና በብዛት ሲገባ፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ፊልትሮ የሚሉት የጣሊያንኛ ቃላት አብረው ተስፋፉ። ወራሪው ወጣ፤ ቃላቱ ግን በመካኒኩ አፍ ቀሩ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ መንገዶች ሲበራከቱ፣ የአገሪቱን ጭነት ከተሸከሙት መኪናዎች መካከል ሾፌሮች «ኤንትሬ» እያሉ የሚጠሩት ፊያት 682 ስሙ ገናና ሆነ።

የእነዚህ መኪናዎች ካምቢዮ በእጅ ማርሽ የሚሠራ ነበር። ጥርስ ከጥርስ ይገጥማል፤ ወፍራም ዘይት በመካከል ገብቶ ያለሰልሳል፣ ሙቀትም ይወስዳል። ዘይቱ ቢጠቁር፣ የመቀየሪያው ጊዜ ቢያልፍ እንኳ፣ እስካልጎደለ ድረስ ማርሹ መግባቱን አይተውም። ጉዳቱ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ የካምቢዮ ዘይት የሚታየው ሲያፈስ ብቻ ነው የሚል ልማድ ሥር ሰደደ። ልማዱ ለእጅ ማርሽም ቢሆን ትክክል አልነበረም፤ ሆኖም ማሽኑ ቻይ ስለነበረ ጥፋቱን ሸፈነለት።

በሌላው ዓለም ግን የተለየ ማሽን እየተሠራ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ «ሃይድራማቲክ» የተባለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ እ.ኤ.አ. በ1939 አስተዋውቆ በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ ገጠመው። በዚህ ማሽን ውስጥ ዘይቱ ከማለስለስና ከማቀዝቀዝ አልፎ የሞተሩን ኃይል ያስተላልፋል፤ በግፊቱም ማርሹን ይለውጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የፍሪሲዮን ዲስኮቹ ሲገናኙ ምን ያህል እንደሚንሸራተቱና መቼ አጥብቀው እንደሚይዙ የሚወስነው ዘይቱ ነው። ስለዚህ ዘይቱ ራሱ ከማሽኑ ዕቃዎች እንደ አንዱ ሊቆጠር ይገባዋል።

ይህንን የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1949 «ታይፕ ኤ» የተባለው መለኪያ ከወጣ በኋላ፣ ዲስኮቹ ሳይነጥሩ እንዲያያዙ ለማድረግ በዘይቱ ውስጥ የስፐርም ዓሣ ነባሪ ዘይት ይጨመር ነበር። አሜሪካ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓሣ ነባሪውን ከጥፋት ለማዳን በሕግ ስትከለክል ኬሚስቶች ምትክ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ከመጀመሪያዎቹ ምትኮች አንዱ በዴክስሮን 2 ዘይት ውስጥ ገብቶ የዘይት ማቀዝቀዣውን ብረት የሚበላ ሆኖ ስለተገኘ ቅመማው እንደገና ተሻሻለ። የአንድ ቅመም መለወጥ ይህን ያህል ካስቸገረ፣ ለዓመታት በሙቀት የተቃጠለና ቅመሙ ያለቀ ዘይት ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም።

አውቶማቲክ መኪና ወደ አገራችን በብዛት የገባው አብዛኛውን ጊዜ በሌላ አገር ሠርቶ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ባለቤት ይዞ ነው። የጥገና መዝገቡ አብሮት አይመጣም። አንዳንድ ፋብሪካዎችም ዘይቱ «ለዕድሜ ልክ» ነው ማለታቸው ነገሩን አባባሰው፤ የማን ዕድሜ እንደሆነ የጠየቀ ጥቂት ነው። እኛም አዲሱን ማሽን በአሮጌው ስም «ካምቢዮ» ብለን ተቀበልነው፤ ከስሙ ጋር አሮጌው ልማድ ተከትሎ መጣ።

የባሌ መንገድ ይህን ስሕተት ቶሎ ያጋልጣል። በ4,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ሲሶውን ያህል ያጣል። ሾፌሩ ነዳጅ ይረግጣል፣ መኪናው በዝቅተኛ ማርሽ ይጎተታል፣ ቶርክ ኮንቨርተሩ ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱም ሙቀት ሆኖ ወደ ዘይቱ ይገባል። ማቀዝቀዣውን የሚያገኘው አየርም ያው ስስ አየር ነው። በሙያችን በሚታወቀው ግምታዊ ስሌት የሙቀቱ መጠን በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዘይቱ የሚበላሽበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በሜዳ አገር የሚበቃው የመቀየሪያ ጊዜ ለሳነቲ አይበቃም።

ታዲያ «አዲስ ዘይት ይገድላል» የሚለው ምክር ከየት መጣ? ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም። ያረጀ ዘይት ከዲስኮቹ የተፋቀ ዱቄት ተሸክሞ ስለሚዞር የሳሳውን ዲስክ ለጊዜው ያግዘዋል ይባላል፤ በግፊት ማሽን የሚደረግ እጥበትም የተጋገረውን ዝቃጭ አንሥቶ ጠባቡን የቫልቭ መተላለፊያ ሊደፍን ይችላል። ይሁንና ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። ባለ መኪናው ዘይት መቀየርን የሚያስበው ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ዲስኩ አልቋል። ዘይቱ ተቀየረ፤ ካምቢዮው ከሳምንት በኋላ ቆመ፤ ወቀሳውም በመጨረሻው እጅ ላይ አረፈ። በሞት አፋፍ ላይ የተጠራ ሐኪም እንደ ገዳይ እንደሚቆጠር ማለት ነው። እንግዲህ ባለሙያው ዘይቱን እንዳይነካ የሚያደርገው የማሽኑ ባሕርይ ሳይሆን የወቀሳው ፍርሃት ነው።

ከዚህ የሚገኘው የሥራ መመሪያ ቀላል ነው። ማርሹ በደንብ የሚለወጥና ዘይቱ ቢጠቁርም የመቃጠል ሽታ የሌለው መኪና ይቀየርለት። ግፊት አያስፈልግም፤ ዘይቱ በራሱ ክብደት ይውረድ፣ ፊልትሮው ይለወጥ፣ ማግኔቱ ይጠረግ፣ ፋብሪካው ያዘዘው ዓይነት ዘይት የወረደውን ያህል ተለክቶ ይሞላ። በዚህ መንገድ የሚወጣው ከጠቅላላው ሲሶ ወይም ግማሽ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ሥራው ይደገም። ዘይቱ የተቃጠለ፣ ማርሹም የሚንሸራተት ከሆነ ግን፣ ዘይት መቀየር እንደማያድነውና ካምቢዮው መፈታት እንዳለበት ለባለቤቱ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ይነገረው።

ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። አሁን በመንገድ ላይ ያሉት መኪናዎች ምትካቸው በቀላሉ አይገኝም፤ ቤተሰብ የሚተዳደርባቸውም ጥቂት አይደሉም። ስለሆነም የማኅበራችን አባላት በያሉበት አንድ ልማድ ቢጀምሩ መልካም ነው፦ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የዘይቱ ዓይነትና ልኩ፣ የወረደውም ዘይት ሁኔታ በጽሑፍ ሰፍሮ ከመኪናው ጋር ይቀመጥ። ቀጥሎ የሚከፍተው ባለሙያ ምን እንደተደረገ ካወቀ፣ ፈርቶ የሚተወው ወይም በግምት የሚነካው ነገር አይኖርም።