ከካሴት እስከ ኢንተርኔት ስልክ

ዛሬ የኢንተርኔት ስልክን ታሪክ እናነሳለን። ብዙዎቻችን የምናውቀው በርካሽነቱ ነው። ታሪኩ ግን ከዚህ የበለጠ ያስተምረናል።

በድሮው ስልክ ሁለት ሰዎች ተነጋግረው እስኪጨርሱ አንድ መስመር ለእነርሱ ብቻ ይያዝ ነበር። ሒሳቡም በደቂቃና በርቀት ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1974 ዳኒ ኮኸንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ሌላ መንገድ ሞከሩ። ድምፅን ወደ ቁጥር ለውጠው፣ ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ጥቅሎች ከፋፍለው፣ አርፓኔት በተባለው የኮምፒውተር መረብ ካሊፎርኒያንና ማሳቹሴትስን አነጋገሩ። ለጽሑፍ የተሠራው ሥርዓት የጠፋ ጥቅል ተመልሶ እስኪላክ ያስጠብቃል። በጭውውት ግን ዘግይቶ የደረሰ ቃል አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ1978 የኢንተርኔት የመላላኪያ ሥርዓት ለሁለት እንዲከፈል ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር።

ድምፅ ቁጥር ከሆነ ዘንድ እንደ ጽሑፍና እንደ ሥዕል ይቀመጣል፤ ለብዙ ሰውም ይላካል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረውና በ2025 የተዘጋው ስካይፕ ሰዎችን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በነፃ አነጋገረ። ዋትስአፕ በ2013 የድምፅ መልእክትን፣ በ2015 ደግሞ ጥሪን ጨመረ።

መንግሥታት ግን በቀላሉ አልተቀበሉትም። በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት በድምፅ መነጋገርን ከልክሎ ነበር። ሳዑዲ ዐረቢያም ክልከላዋን ያነሳችው በ2017 ነው።

ወደ ዐረብ አገር የሄዱ ልጆች ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው በመንገደኛ ይልኩ እንደነበር እናስታውሳለን። ማንበብ የማትችል እናት ደብዳቤ ሲመጣላት የጎረቤት ልጅ ጠርታ ታስነብባለች፤ የቤቷም ምስጢር አብሮ ይነበባል። የድምፅ መልእክት ያንን ካሴት መልሶ አመጣልን። ልጅቱ ሥራዋን ጨርሳ እኩለ ሌሊት ትልካለች፤ እናት ከሱብሒ በኋላ ታደምጣለች። ይህ ጥሪም ደብዳቤም ያልሆነ አዲስ መገናኛ ነው። ነገም ከዚሁ ሥር ሌላ ይበቅላል።

እንግዲህ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ የላክነው ድምፅ ይቀመጣል፤ ከእጅ ወደ እጅም ይተላለፋል። ስለዚህ የሰው ምስጢር አማና መሆኑን አንርሳ። ሁለተኛ፣ «ሩቅ ነው፤ ስልኩ ውድ ነው» የምንለው ሰበብ ለብዙዎቻችን ቀርቷል። ድምፃችንን የሚጠብቅ ዘመድ ካለን ዛሬውኑ እናሰማው።