የዩኒክስ የሜሞሪ አስተዳደር በበርክሊ እንደገና የተጻፈበት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1978 መጀመሪያ ላይ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፌትማን፣ ማክሲማ የተሰኘውን ግዙፍ የአልጀብራ ፕሮግራም ሊሸከም የሚችል ኮምፒዩተር ይፈልጉ ነበር። ለዚሁም ተግባር ቫክስ-11/780 የተባለው አዲስ መሣሪያ ተመረጠ። መሣሪያው በ32 ቢት አድራሻ ከ4 ቢሊዮን በላይ ባይቶችን ለመጥቀስ የሚያስችል ሲሆን፣ በርክሊ ሲገባ የነበረው እውነተኛ ሜሞሪ ግን 1 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ችግሩ ሁሉ የመነጨው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ከነበረው ርቀት ነው።

ዩኒክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለቫክስ እንዲስማማ አድርገው ያዘጋጁት የቤል ላቦራቶሪ ባልደረቦች ጆን ራይዘርና ቶም ለንደን ሲሆኑ፣ ሥራቸውም 32ቪ በሚል ስም ይታወቅ ነበር። ሆኖም ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ሜሞሪን የሚያስተዳድረው ከትናንሾቹ የቀድሞ መሣሪያዎች በወረሰው ዘዴ ነበር፤ ቦታ ሲጠብ አንድን ፕሮግራም በሙሉ ወደ ዲስክ ያወጣል፤ ተራው ሲደርስም በሙሉ ይመልሰዋል። ከዚህም የተነሣ ከሜሞሪው የሚበልጥ ፕሮግራም ጨርሶ ሊሠራ አይችልም ነበር። ፌትማን ጉዳዩን ለፕሮፌሰር ዶሜኒኮ ፌራሪ አቀረቡ፤ ሥራውንም የፌራሪ ተማሪ የነበሩት ኦዛልፕ ባባኦግሉ ያዙት።

የታሰበው መፍትሔ ፕሮግራሙን በገጽ በገጽ ከፍሎ በሥራ ላይ ያሉትን ገጾች ብቻ በሜሞሪ ማቆየት ነው። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር አትላስ የተባለው ኮምፒዩተር ከ1962 ጀምሮ በዚሁ መንገድ ሠርቷል። አስቸጋሪው ጥያቄ ቦታ ሲጠፋ የትኛው ገጽ ይውጣ የሚለው ነው። ጠረጴዛ የጠበበው አንባቢ ወደ መደርደሪያው የሚመልሰው ለብዙ ጊዜ ያልገለጠውን መጽሐፍ ነው፤ ከርነሉም እንዲሁ ለማድረግ የትኛው ገጽ በቅርቡ እንደ ተነካ ማወቅ አለበት። ለዚህ የሚሆነውን ምልክት በየገጹ የሚያኖሩ መሣሪያዎች ነበሩ። ቫክስ ግን ምልክቱ አልነበረውም።

የተገኘው ብልሃት በሐሰት ቃል እውነቱን እንደ ማውጣጣት ያለ ነው። ከርነሉ በሜሞሪ ውስጥ ያለውን ገጽ ሆን ብሎ «የለም» ብሎ ይመዘግባል። ፕሮግራሙ ገጹን በነካ ጊዜ መሣሪያው ሥራውን አቋርጦ ለከርነሉ ያስታውቃል፤ ከርነሉም ገጹ የሚፈለግ መሆኑን ተረድቶ ምዝገባውን ያቃናል። እንደ ሰዓት እጅ ሜሞሪውን እየዞረ የሚቃኘው ክፍል ተመልሶ ሲመጣ እስከዚያ ያልተነካውን ገጽ ያስወጣል። እያንዳንዱ መቋረጥ ጊዜ ይወስዳል፤ ከዲስክ ጋር ከመመላለስ ግን በእጅጉ ይቀላል።

ባባኦግሉ የመጀመሪያውን ሥራ ወደ ማጠናቀቁ ሲቃረቡ፣ የዩኒክስን ከርነል ውስብስብነት ለመረዳት የቢል ጆይን እርዳታ ጠየቁ፤ ጆይም በነገሩ ተስበው አዲሱን ጽሑፍ ከ32ቪ ጋር በማዋሐድና ስሕተቱን በመንቀል ተሳተፉ። ዩኒቨርሲቲው የነበረው ቫክስ አንድ ብቻ ስለ ሆነ፣ የሙከራውም ሆነ የዕለት ተዕለቱ ሥራ በዚያው መሣሪያ ላይ ይካሄድ ነበር። በ1978 የገና ዕረፍት ሰሞን ተጠቃሚዎች ሥራቸው በድንገት ይቆምባቸውና ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አሮጌው 32ቪ ይቀበላቸው ነበር። ያለ እነርሱ ትዕግሥት ሥራው በዚያ ፍጥነት ይፈጸም ነበር ለማለት ያስቸግራል። በጥር 1979 አብዛኛው ስሕተት ታርሞ 32ቪ ተሰናበተ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም አዲሱ ሲስተም 3ቢኤስዲ ተብሎ ወጣ።

አንድ ነገር ግን ሳይፈጸም ቀርቶ ነበር። በዩኒክስ ሥርዓት አንድ ፕሮግራም ሌላውን ለማስነሣት በቅድሚያ ፎርክ በተባለው ጥሪ የራሱን ቅጂ ያወጣል፤ ቅጂውም ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይጣላል። ለግዙፍ ፕሮግራም ይህ ከንቱ ድካም ነው። ትክክለኛው መፍትሔ ሁለቱ ገጾቹን በጋራ ይዘው፣ አንዱ ሊጽፍበት የፈለገውን ገጽ ብቻ መቅዳት ነበር። በርክሊዎች ግን ቪፎርክ የተባለ አቋራጭ አበጁ፤ በዚህም አዲሱ ሂደት የወላጁን ሜሞሪ ተውሶ ሲሠራ ወላጁ ቆሞ ይጠብቃል። መመሪያው ራሱ ተገቢው ዘዴ ሲሠራ ይህ ጥሪ እንደሚወገድ ያስታውቅ ነበር።

ባባኦግሉና ጆይ የጻፉት ክፍል ሜሞሪ ውድና ጥቂት የነበረበትን ዘመን የሚመስል፣ ከቫክስ ጋርም በጥብቅ የተቆራኘ በመሆኑ፣ በ1993 በወጣው 4.4ቢኤስዲ በሌላ ተተካ፤ ተተኪውም ከካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ማክ ከርነል የተወሰደ ነበር። ተገቢው የገጽ መጋራት ዘዴም ያን ጊዜ ገባ። ጊዜያዊ የተባለው ቪፎርክ ግን በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ዛሬም ይገኛል።