ጽዋ በገበያ መካከል፦ ጉድለት ስላለበት ቤት አባልነት ከመርካቶ የተነሣ ታሪካዊ ምልከታ



በዚህ ዘመን ከወጣቶች ዘንድ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ፤ «እምነቴን አልተውሁም፤ ነገር ግን ማኅበሩ፣ ሰበካው፣ የአባቶች ጠብ ለእኔ ምን ይረባኛል?» የሚል ነው። ጥያቄው የነገረ መለኮት ብቻ ሳይሆን የታሪክም ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ለባለቤቶቹ ለሊቃውንት ትቼ ሁለተኛውን ከመርካቶ ተነሥቼ ላየው እሞክራለሁ።

የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ አራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ፋሺስት ጣሊያን ከተማዋን በዘር ለይቶ ለማስፈር ባወጣው ዕቅድ የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬው አዲስ ከተማ አዛወረው። «መርካቶ» የሚለው ስምም ከዚያ ዘመን የቀረ የጣሊያንኛ ቃል ነው። እንግዲህ ይህ ሰፈር ሲወለድ ቤተ ክርስቲያኒቱ በምን ሁኔታ ላይ ነበረች?

ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግፍ ተጨፈጨፉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ወራሪው ቤተ ክርስቲያኒቱን ከእስክንድርያ መንበር ነጥሎ አቡነ አብርሃምን ሊቀ ጳጳስ ሲያደርግ፣ ሹመቱን የተቀበሉ አባቶችም ነበሩ። በአንድ ቤት ውስጥ ሰማዕትም ለወራሪው ያደረም ተገኘ ማለት ነው። አባልነትን በመሪዎች ንጽሕና ብቻ የሚመዝን ሰው በዚያን ጊዜ ለመውጣት በቂ ምክንያት ነበረው። አብዛኛው ምእመን ግን አልወጣም። ለምን?

መልሱን ከመንበሩ ይልቅ ከታች፣ ከጽዋ ማኅበሩና ከሰንበቴው እንፈልገው። የጽዋ ማኅበር በወር አንድ ቀን፣ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም እየተባለ በጻድቅ ወይም በመልአክ ስም ይሰበሰባል። አባላቱ በተራ ይደግሳሉ፤ ሙሴው ሥርዓቱን ያስጠብቃል፤ የንስሐ አባት ይባርካል፤ ጽዋው ወደ ቀጣዩ ባለ ተራ ቤት ይሄዳል። በልማዱ የተጣሉ አባላት ሳይታረቁ በአንድነት አይጠጡም፤ የቀረ ሰው ካለ «ምን አግኝቶት ይሆን?» ተብሎ ይጠየቃል። ከጉራጌ፣ ከመንዝ፣ ከጎጃም ወይም ከወለጋ መጥቶ በገበያው ሸክም ወይም ችርቻሮ ለጀመረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ዘመድ በሌለበት ከተማ፣ መቅረቱን የሚያስተውልለት ሰው አገኘ።

«ለዚህስ ዕድር አይበቃም ወይ?» ማለት ይቻላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ በሚጎራበቱበት በዚህ ሰፈር፣ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ዕድር ድንኳን ሥር አብረው ያለቅሳሉ፤ ይህ የመርካቶ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ዕድር በዋናው ሥራው የሚመጣው ሐዘን ሲደርስ ነው። ማኅበሩ ደግሞ ሰውየው በሕይወት ሳለ በወር በወሩ ያገኘዋል፤ ከሞተ በኋላም በጸሎት ያስበዋል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ይህን ስል ጉድለቱን ለመሸፈን አይደለም። ድግሱ ድሃውን አባል ለብድር የዳረገበት ጊዜ አለ። ሸማኔና ሸክላ ሠሪ በየአገሩ በንቀት ተገልሎ የኖረው በአብዛኛው በዚያው ቅዳሴ በሚሰማው ሕዝብ መካከል ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ጭሰኛ የሚያርሰው ሰፊ መሬት ባለቤት ነበረች፤ «መሬት ለአራሹ» የሚለው ጩኸት እርሷንም የሚመለከት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ልብ እንበል። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በሰበካ ጉባኤ አብረው እንዲያስተዳድሩ በር ከፈተ። ይህ ለውጥ የመጣው ከውስጥ ነው። ብዙም ሳይቆይ የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ ቤተ ክርስቲያኒቱ የገቢዋን መሠረት አጣች፤ በ1968 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። አጥቢያዎች የቆሙት በአባሎቻቸው መዋጮና ጉልበት ሆነ። በርስት የኖረች ቤተ ክርስቲያን በአባልነት መኖርን ተማረች።

ተመሳሳዩን በሌላ ቤተ እምነትም እናያለን። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ መሪዎቿ ታሰሩ፤ ንብረቷ ተወረሰ። ምእመናኗ ግን በየቤቱ በትናንሽ ቡድን ተሰበሰቡ። ስትዘጋ 5,000 ያህል የነበሩት አባሎቿ ሥርዓቱ ሲወድቅ ከ34,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ሕንጻው ሲታሸግ ያልታሸገው ግንኙነቱ ነበር።

ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አባቶች በአገር ውስጥና በስደት ተከፍለው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ተወጋገዙ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዕርቅ ወረደ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሕፃናት ክርስትና ተነሡ፤ ሙታን ተፈቱ፤ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ዞረ። አባቶች ሲታረቁ የሚመለሱበት ሕዝብ የቆያቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ታሪክ የማወጣው መደምደሚያ ውሱን ነው። ታሪክ ማንንም «እመን» አይልም፤ በደል የደረሰበትንም ሰው «ታገሥና ዝም በል» ለማለት ሥልጣን የለውም። የሚያሳየን ግን ይህን ነው፦ ብቻውን የሚያምን ሰው ከማኅበሩ ጉድለት ይድን ይሆናል፤ ሲታመም የሚጠይቀውን፣ ሲያጠፋ የሚገሥጸውን፣ ከጠላው ጋር የሚያስታርቀውን ግን አብሮ ያጣል። ማኅበሩም በበኩሉ ጉድለቱን የሚነግረውን ሰው ያጣል። ቃለ ዓዋዲን የመሰለ ለውጥ የሚጻፈው፣ ዕርቅም የሚጠበቀው፣ በቀሩት ሰዎች ነው።