ኮምፒዩተር መልስ ሲዘገይበት
(የመጠበቂያ ጊዜ ገደብ አጭር ታሪክ)

መኪና ባልነበረበት ዘመን አንድ የአዘና ሰው ፈረስ እንዲገዛለት መልእክተኛውን ወደ ዳንግላ ላከ እንበል። መልእክተኛው በተባለው ቀን አልተመለሰም። ላኪው ምን ያድርግ? ዝም ብሎ ቢጠብቅ ሥራው ይቆማል። ሌላ ሰው ቢልክ ደግሞ ፊተኛው በመንገድ ዘግይቶ ኖሮ በማግሥቱ ፈረሱን እየሳበ ይደርሳል፤ ኋለኛውም ሌላ ፈረስ ገዝቶ ይመጣል። ፈረስ በሚወደድበት በአዊ አገር እንኳ ይህ ኪሳራ ነው።

እኛ ተማሪዎች ይህን ነገር እንድናስብ ያደረገን በኮምፒዩተር ክፍል የደረሰብን ጉዳት ነው። አንድ ቀን ኮምፒዩተሩ ጽሑፋችንን ሲያስቀምጥ ቀጥ ብሎ ቆመ። «በቃ ሞቷል» ብለን አጠፋነው፤ የአንድ ሳምንት ድካማችንም አብሮ ጠፋ። መምህራችን ግን ኮምፒዩተሩ አልሞተም፣ ከዲስኩ መልስ ይጠብቅ ነበር ሲሉ አስረዱን። ስለዚህ የዚህን መጠበቅ ታሪክ መርምረን ለአንባቢዎቻችን እነሆ አቅርበናል። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1956 ያወጣው የዲስክ ማከማቻ 50 ዲስኮች ተደራርበውበት 5 ሚሊዮን ፊደላት ይይዝ ነበር። ዲስክ የሚሽከረከር፣ የሚያነበውም ክንድ ወዲያና ወዲህ የሚሄድ በመሆኑ ከኮምፒዩተሩ ፍጥነት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዘገምተኛ ነው። ስለዚህ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጥያቄውን ልኮ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ዲስኩም ሲጨርስ ያስታውቀዋል። ዳሩ ግን ገመዱ ቢላቀቅ ወይም ዲስኩ ቢበላሽ መልሱ ከቶ አይመጣም። የጊዜ ገደብ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ይህ ታሪክ በግልጽ የሚታየው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተማሪ በ1991 በጀመረው በሊኑክስ ነው፤ የአሠራሩ ጽሑፍ ለማንም ሰው ክፍት ነውና። ስካዚ በተባሉት መሣሪያዎች ለዲስክ 30 ሴኮንድ፣ ተጠቅልሎ እስኪደርስ ጊዜ ለሚፈጀው ቴፕ 900 ሴኮንድ ተወሰነ። ገደቡ ሲያልፍም ነገሩ በደረጃ ይካሄዳል። በመጀመሪያ ጥያቄው እንዲሰረዝ ይታዘዛል፤ ይህ ካልሆነ መሣሪያው፣ ቀጥሎ መሥመሩ፣ በመጨረሻም አገናኙ ካርድ እንደ አዲስ እንዲነሣ ይደረጋል። ይህ ሁሉ ካልረዳ መሣሪያው ከሥራ ይገለላል፤ ለጠያቂውም ስሕተት መኖሩ ይነገረዋል።

በ2008 የዴንማርክ ተወላጅ የሆነው ዬንስ አክስቦ የሰዓት ጥበቃውን ሥራ ወደ ጋራው የጥያቄ ወረፋ አመጣው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የተለየ ደወል መስጠት ቀርቶ ለወረፋው አንድ ደወል ሆነ። ጊዜው ሲያልፍ መሣሪያውን የሚያዘው ድራይቨር ይጠየቃል፤ እርሱም ጥያቄው ተፈጽሟል፣ ወይም ጊዜ ይጨመርልኝ፣ ወይም ነገሩን ራሴ እከታተለዋለሁ ብሎ ይመልሳል።

በ2014 ለፈጣኖቹ የኤሌክትሮኒክ ማከማቻዎች ሲባል አንዱ ወረፋ ብዙ ወረፋ ሆነ። በዚህ ጊዜ የፈረሱ ነገር ጎልቶ ታየ። ሰዓቱ «አልፏል» ባለበት ቅጽበት ዲስኩ «ጨርሻለሁ» ቢልስ? ጥያቄው ተሰርዞ ቦታው ለሌላ ሥራ ከተሰጠ በኋላ የዘገየው መልስ ቢደርስ የሌላውን ሥራ ያበላሻል። ይህም ከመቆም የከፋ ነው፤ የቆመ ኮምፒዩተር በዓይን ይታያል፣ በስውር የተበላሸ ጽሑፍ ግን አይታይም። በ2018 መጀመሪያ የተበጀለት ረቂቅ መፍትሔ በዚያው ዓመት በቀላል ዘዴ ተተካ፦ ሰዓቱ አንድን ጥያቄ መርምሮ እስኪጨርስ ድረስ ጥያቄው ለሌላ ሥራ እንዳይሰጥ ተደረገ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። ለዘላለም የሚጠብቅ ሥራው ይቆምበታል፤ ሳያጣራ ተስፋ የሚቈርጥም ያለውን ያጠፋል። ብልሃቱ ልክን አስቀድሞ መወሰን፣ ልኩ ሲያልፍም ከትንሹ እርምጃ ጀምሮ በደረጃ መሄድ ነው። እንግዲህ ከእኛ በኋላ የምትመጡ ታናናሾቻችን ሆይ፣ ኮምፒዩተሩ ሲቆምባችሁ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ታገሡት፤ የጽሑፋችሁንም ቅጂ በሌላ ቦታ አኑሩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና፣ እኛ ያፈሰስነውን እናንተ አታፍስሱ።