የሆድ ዕቃ እጥበትና የስኳር በሽተኛ

የኩላሊት እጥበት መሣሪያ በሽተኛውን መብራትና የተጣራ ውሃ ወዳለበት ከተማ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠራል። ለሐይቅና ለአምባሰል ገጠር ነዋሪ መንገዱ ራሱ ሌላ ሕመም ነው። በቤት የሚፈጸመው የሆድ ዕቃ እጥበት ትኩረት የሚገባውም ስለዚህ ነው።

የሆድ ዕቃን የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ደምን ሊያጣራ እንደሚችል ጀርመናዊው ሐኪም ጋንተር እ.ኤ.አ. በ1923 በሰው ላይ ሞከረ። በ1976 በአሜሪካ የኦስቲን ከተማ መሐንዲሱ ፖፖቪችና ሐኪሙ ሞንክሪፍ፣ በቱቦ ሆድ ውስጥ የሚገባ ሁለት ሊትር ፈሳሽ በቀን አምስት ጊዜ ቢለወጥ መሣሪያው ሊቀር እንደሚችል ስሌታቸውን ይፋ አደረጉ። ጥቂት ቆይቶም በካናዳ ኦሬዮፑሎስ ጠርሙሱን በፕላስቲክ ከረጢት በመተካቱ የሆድ ዕቃ መመረዝ ቀነሰ።

ይሁን እንጂ ከደም ውሃ የሚስበው በፈሳሹ ያለው ስኳር ነው። 4.25 በመቶ የሆነው ሁለት ሊትር ፈሳሽ 85 ግራም ስኳር ይይዛል፤ አብዛኛውም ወደ ደም ይሰርጋል። ስለሆነም ለስኳር በሽተኛ ጨው ማሳነስ፣ ብርቱውን ፈሳሽ መቆጠብ፣ ኢንሱሊኑንም ከከረጢቱ ጋር አስማምቶ መመጠን ግድ ሆነ። ኋላ የመጣው፣ ከስታርች የሚሠራው አይኮዴክስትሪን የስኳሩን ሸክም ቢያቀልም አንዳንድ የደም ስኳር መለኪያዎችን ያሳስታል፤ የወረደውን ከፍ አድርገው ስለሚያሳዩ ያላግባብ የተጨመረ ኢንሱሊን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

በኢትዮጵያ ቋሚ የመሣሪያ እጥበት እ.ኤ.አ. በ2001፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 ተጀመረ፤ የቤቱ ዘዴ ግን ብዙም አልተስፋፋም። አንዱን እንቅፋት ስሌቱ ራሱ ያሳያል፦ በቀን 10 ሊትር በወር ሦስት ኩንታል ነው፤ ይህም በሐይቅና በውጫሌ አልፎ እስከ አምባው መድረስ አለበት። መንገዱንና ንጹሕ ማከማቻውን ማበጀት ደግሞ የሐኪም ሳይሆን የመሐንዲስ ተግባር ነው።